አንድ ምጣድ አለህ፣ ተከፋፈለው፦ ጀልባችን ላይ ግሪል ያስገባንበት ጉዳይ

መብራቱ የጠፋው ሥጋው ገና ሳይበስል ነው። ጀልባዋ ላይ ስምንት ሰው ነበርን። ጋሼ ማገላበጫውን እንደያዙ ቀና ብለው «እዚህም ይጠፋል እንዴ?» አሉ። ሳቃችን አልቆም አለ። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይቺ ቀልድ አትብራራለትም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ስምንት የራበው ሰው፣ አንድ ትሪ ጥሬ ሥጋ እና የጨለመ ጀልባ ቀረ።

ያ ማታ ለምን እንደዚያ ሆነ፣ ከዚያስ ምን አደረግን የሚለውን ከነቁጥሩ ልጻፍ ያልኩት፣ ባለፈው ሰመር ሦስት ሰዎች ደውለው ያንኑ ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው። «ጀልባ ላይ የቱ ግሪል ጥሩ ነው?» ይላሉ። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ጀልባዋን የገዛናት አራት ጓደኛሞች ሆነን ነው። 32 ጫማ ርዝመት አላት። በፈረንጅ 1994 የተሠራች ናት፤ ሞተሯ ደህና ነው፣ ሽቦዋ ግን እንደ ዕድሜዋ ነው። የምናቆማት ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ከምንነዳት ይልቅ ታስራ ቆማ ነው የምንጠቀምባት። ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ሰው «አሁን ጥብስ ቢኖር ኖሮ» ይላል።

ከሰል አይቻልም። ማሪናው ውሉ ላይ ጽፎታል፤ ዶኩ ላይም (ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት መድረክ ነው) ሆነ የታሰረ ጀልባ ላይ ከሰልና ማንኛውም ነበልባል ክልክል ነው። መጀመሪያ ተናደን ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ጀልባዎቹ ፋይበርግላስ ናቸው፣ ጎን ለጎን ታስረዋል፣ የብዙዎቹ ታንክ ቤንዚን ነው። አንድ ፍም በነፋስ ቢወሰድ የሚቃጠለው የኛ ጀልባ ብቻ አይሆንም።

ጋዝስ? ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ቤት ውስጥ ቢያፈተልክ መስኮት ከፍተህ ታስወጣዋለህ፤ ጀልባ ውስጥ ግን ቁልቁል ይወርድና ሆዷ ውስጥ ይተኛል፣ እዚያ ደግሞ የውሃ መምጠጫ ፓምፕ አለ፣ ባትሪ አለ፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብዙ ጀልበኞች ሲሊንደሩን ከውጭ አንጠልጥለው በጥንቃቄ ይጠቀሙበታል፣ አልወቅሳቸውም። ለኛ ግን የማሪናው ሕግ በሩን ዘግቶታል። የቀረን ኤሌክትሪክ ነው።

የመጀመሪያው ግሪል

የመጀመሪያውን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። 60 ዶላር። ለቤት የተሠራ፣ ክዳን የሌለው፣ ሰፊ። ያየሁት ስፋቱን ነው። ስምንት ሰው ያበላል አልኩ፣ ገዛሁ። ጀርባው ላይ 1600 ዋት ይላል። አላነበብኩትም፤ ባነበውም ምንም አይለኝም ነበር።

ያን ማታ ኤሌክትሪሺያን የሆነው ጓደኛችን ስልኩን አብርቶ፣ እስክሪብቶ አውጥቶ የወረቀት ሳህን ጀርባ ላይ መደመር ጀመረ። ሳህኑ እስካሁን አለኝ። ከዶኩ የሚመጣልን መብራት 30 አምፔር በ120 ቮልት ነው። ሲባዛ 3600 ዋት። ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ነገር ሲሆን ደግሞ 80 በመቶውን ብቻ ነው መቁጠር ያለብን፣ ማለትም 24 አምፔር። በዚያ ሰዓት ምን ምን በርቶ ነበር? ኤሲው 12 አምፔር ገደማ። የውሃ ማሞቂያው 1500 ዋት፣ 12 ተኩል አምፔር። ግሪሉ 13 አምፔር ከምናምን። ድምሩ ወደ 38። ጭራሽ ባለቤቴ ለጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ልትሰካ እያሰበች ነበር! እሱ ብቻውን 1000 ዋት ነው።

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልጠፋም?» አልኩት። ሃያ ደቂቃ ጠብሰናል እኮ። ለካ የውሃ ማሞቂያው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ውሃው ሲሞቅለት ራሱን ያጠፋል። ልጆቹ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ነው እንደገና የተነሳው። ብሬከሩም ትንሽ ሲበዛበት ቶሎ አይቆርጥም፣ እየጋለ፣ እየታገሠ ቆይቶ ነው ጠቅ የሚለው። ባጭሩ ጥብሳችንን ያጠፋው እጅ መታጠብ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቹን «ታጠቡ» ብለን የላክናቸው ራሳችን ነን።

ጓደኛችን አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምደግመው እሱን ነው። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። ስለዚህ ጀልባዋ ላይ ያለን መብራት በሙሉ፣ ከኤሲው እስከ ስልክ ቻርጀሩ፣ አንድ ምጣድ ነው። «አንድ ምጣድ አለህ፣ ተከፋፈለው።»

ጥብስ ወይስ ቅቅል

ከመጥፋቱ በፊትም ሥጋው ደህና አልነበረም። ውሃ አወጣ፣ በራሱ ውሃ ተንተከተከ፣ ግራጫ ሆነ። የጥብስ ቅጠሉም ምንም አልሸተተም። ጋሼ አንዷን ቀምሰው «ለስላሳ ነው» አሉ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህ ስድብ መሆኑ ይገባዋል።

በማግስቱ ጓደኛችን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቮልት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ይዞ መጣ። ምንም ሳይበራ 121 ቮልት አነበበ። ግሪሉን አበራነው፤ 108። አሥራ ሦስት ቮልት የት ገባ? መንገድ ላይ ቀረ። ከካቢኑ ሶኬት እስከ ጀልባዋ ኋላ የዘረጋነው ኤክስቴንሽን 50 ጫማ ነው፣ 16 ጌጅ የሚባለው ቀጭኑ። ስነካው ሞቋል። ከዚያ የዶኩን ገመድ ነቀልን። ከሦስቱ የስፒናው እግሮች አንዷ ቡናማ ሆናለች፣ ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጧል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ገመድ ሰክተን ልጆች አስተኝተንበት እናውቃለን።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግሪል ሻጭ ይህን አይነግርህም። ማሞቂያ ነገር ላይ ቮልቱ ሲወርድ ኃይሉ በዚያው ልክ አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። ከ120 ወደ 108 መውረድ 10 በመቶ ነው። ከዋቱ ላይ ግን 19 በመቶ ይሄዳል። 1600 የሚለው ግሪል 1300 አካባቢ ብቻ ይሰጥሃል ማለት ነው። በዚያ ላይ ክዳን የለውም፣ ከወንዙ ነፋስ አለ፣ እኛ ደግሞ ሁለት ኪሎ እርጥብ ሥጋ በአንዴ አራግፈንበታል። ምን ያድርግ? ያለችውን ሙቀት የሥጋውን ውሃ ሲያተን ጨረሳት። ከጎደለው ሙቀትም ከፊሉ በኖ አልቀረም፣ ገመዱና ስፒናው ላይ ነው የወጣው። ሥጋውን መጥበስ የነበረበት ስፒናውን ጠበሰልን።

ጀልባ ላይ ለሚነሳ የኤሌክትሪክ እሳት የዛገ ወይም የላላ የዶክ ስፒና የታወቀ መነሻ ነው። ስፒናው ሲሰካ ተጠምዝዞ ነው የሚቆለፈው፤ በደንብ ካልተጠመዘዘ እየነካ እየለቀቀ ይግላል። ገመዱንና ጀልባዋ ላይ ያለውን መቀበያ አንድ ላይ ቀየርን። አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ የተበላሸው አዲሱን ያበላሸዋል። ኤክስቴንሽኑ ተጣለ። ለግሪሉ ብቻ የሚሆን ሶኬት፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ በወፍራም ሽቦ ኋላ ድረስ ተዘረጋ። እንደገና ስንለካ ግሪሉ በርቶ 117 አነበበ። ለሽቦው ያወጣነው ለግሪል ካወጣነው ይበልጣል። ደግሜ ቢሆንም ከዚያ ነበር የምጀምረው።

ሁለተኛው

ሁለተኛውን ስንመርጥ የፈለግነው ትንሽ ዋት ነው። 1300 ዋት፣ ክዳን ያለው፣ ማሞቂያው ከመጥበሻው ብረት ስር ጥብቅ ብሎ የተገጠመ፣ ለጀልባ ተብሎ ከማይዝግ ብረት የተሠራ። ዋጋው የመጀመሪያውን ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። ተጨቃጨቅን። «ለጀልባ» የሚል ቃል የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዘረፋ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ግን ገንዘቡ የሄደበት ይታያል። ክዳኑ ይቆለፋል። እግሩ ጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፤ ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ማዕበሉ ታስረን እንኳ ያንገጫግጨናል፣ የጋለ ስብ ያለበት ትሪ ልጅ እግር ላይ ሲንሸራተት ማየት አልፈልግም። የስብ መያዣውም ጥልቅ ነው። ስክሪንና ብዙ ቁልፍ ያለውን ሞዴል ተውነው። ወንዝ ላይ እርጥበቱ መጀመሪያ የሚበላው ስክሪን ነው።

እና 1300ው ከ1600ው በብዙ ይበልጣል። ክዳኑን ዘግተህ 15 ደቂቃ ብታሞቀው ብረቱ ሙቀቱን ይይዛል፣ ነፋስ አይወስድበትም፣ ሥጋው ሲያርፍበት «ሽሽሽ» ይላል። ያን ድምፅ ካልሰማህ ሥጋውን መልሰህ አንሳው።

ሦስተኛዋ እግር

ክረምቱን ግሪሉ ጀልባዋ ላይ ሸራ ስር ከረመ። ይሄም ስህተት ነው። በፈረንጅ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ወቅቱን ልንከፍት ሰካነው፤ ሶኬቱ ጠቅ ብሎ ቆረጠ። መለስነው፣ ቆረጠ። ሦስተኛም ቆረጠ። ያኔ ከመሃላችን አንዱ የአገር ቤቱን መፍትሔ አመጣ፤ «ሦስተኛዋን እግር እንቁረጣትና ይሠራል።»

ብዙዎቻችን ያደግነው እንደዚያ ነው፣ አልዋሽም። ኧርዝ የሚባለው፣ ያፈሰሰ መብራት በሰው ፈንታ የሚሄድበት መስመር፣ ጌጥ ይመስለን ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ይቺን እግር ከቆረጥክ እኔ ከዚህ ጀልባ ወረድኩ!» አለ።

የሆነው ይሄ ነው። የግሪሉ ማሞቂያ ውስጡ ሽቦውን ከብረቱ የሚለይ ነጭ ዱቄት አለ፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ከረመ። ዱቄቱ ሲረጥብ መብራቱ በጥቂቱ ወደ ግሪሉ ገላ ያፈሳል። ሶኬቱ ደግሞ መብራት ሲያፈስ እንዲቆርጥ የተሠራ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሶኬት 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያፈስ ይቆርጣል፣ ማለትም ሥራውን እየሠራ ነበር፣ የተበላሸ ነገር የለም። ግሪሉን ቤት ወስጄ ማሞቂያ አጠገብ አራት ቀን አቆየሁት። ደረቀ። መልሰን ስንሰካው ደህና ሠራ። አሁን ክረምቱን የሚያሳልፈው የኔ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ባለቤቴ አልወደደችውም።

የቁጣው ምክንያት ግን ከግሪሉ በላይ ነው። ጀልባ ላይ የሚያፈስ መብራት መጨረሻው ውሃ ነው። ፖቶማክን እዚህ ጋ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ከፍና ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ውሃው ጨው የለውም። ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከባሕር የባሰ ነው። የሰው ገላ ውስጥ ጨው ስላለ ከወንዙ ውሃ ይልቅ መብራት ያሳልፋል፤ አጠገቡ ሰው ካለ መብራቱ በሰውየው በኩል መሄድ ይቀለዋል። ጡንቻ ይያዛል፣ ዋናተኛው ይሰምጣል፣ ከዶክ የሚያየው ሰው ዋና አቃተው ነው የሚለው። ለዚህ ነው ማሪና ውስጥ የማይዋኘው። ልጆቻችን ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ «አንዴ ብቻ!» ብለው ይለምኑናል። አይሆንም። 1994 የተሠራች ጀልባ ከዶኩ በሚመጣው ዋና መስመር ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መሣሪያ አልነበራትም፤ በዚያው ሳምንት አስገጠምን።

ከዶኩ ስንርቅ

ይሄ ክፍል ያላሸነፍነው ነው። አንድ እሁድ ወደ ማውንት ቨርነን ወርደን መልሕቅ ጣልን። ሁለት ባለ100 አምፔር ሰዓት ተራ ባትሪዎችና የባትሪውን መብራት እንደ ቤት መብራት የሚያደርግ 2000 ዋት ኢንቨርተር አለን። በኛ ሒሳብ በቂ ነው። ዶሮ ዘርግተን ግሪሉን አበራን። 12 ደቂቃ ቆይቶ ኢንቨርተሩ ጮኸ፣ ከዚያ ጠፋ።

ሒሳቡን ከመሄዳችን በፊት ብንሠራው ኖሮ ዶሮው ባልተጣለ። 1300 ዋት በ12 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመርበት፣ ከ120 አምፔር በላይ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ ነው የሚወስዱለት፤ ግማሹም ቢሆን በቀስታ ሲወሰድ እንጂ እንዲህ ሲመጠጥ ቮልቱ ቶሎ ይወድቃል። ግማሽ የበሰለ ዶሮ ደግሞ አስቀምጠህ ማታ አትጨርሰውም፣ ዶሮ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነው የሚወጣው። ጣልነው። ዳቦ በላን። የሞተሩ ማስነሻ ባትሪ ለብቻው መሆኑ ነው ያዳነን፣ ባይሆን እዚያው ነበር የምናድረው።

አንዱ «ትንሽ ጄኔሬተር ኋላ ላይ እናስቀምጥ» አለ። እምቢ አልን። የቤንዚኑ ትነት አንድ ነገር ነው፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ። ሽታ የለውም፣ ጀልባ ኋላ ላይ ይጠራቀማል፣ ካቢን ውስጥ ይገባል። ካቢኑ ውስጥ ደግሞ የሚተኙት ልጆች ናቸው።

መልሱ ሊቲየም ነው። 200 አምፔር ሰዓት ያለው 2560 ዋት ሰዓት ይይዛል። አርባ ደቂቃ ጥብስ ከነብክነቱ 1000 ገደማ ይወስዳል፣ አርባ በመቶው ነው፣ አይጨነቅም። ችግሩ መመለሱ ነው። ሞተሩ ላይ ያለውን ቻርጀር በቀጥታ ሊቲየም ላይ ብታገናኘው ባትሪው ያለማቋረጥ ይስበውና ቻርጀሩ ራሱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። መሃል ላይ የሚመጥን ቻርጀር ያስፈልጋል። 30 አምፔር የሚሰጠውን ቻርጀር ብናስገባ ያቺን አንድ ጥብስ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ያህል ሞተር ይነዳል። እስከዚያ ግን የምንጠብሰው ታስረን ብቻ ነው፣ ርቀን ስንሄድ ጠብሰን በፎይል ጠቅልለን እንይዛለን።

አሁን

አሁን ቅደም ተከተል አለን። የውሃ ማሞቂያው ይጠፋል። ኤሲው ይቆያል፣ 12 እና ግሪሉ 11፣ 23 ይሆናል፣ 24ን አላለፍንም። ጀበናው የሚጣደው ጥብሱ ወጥቶ ግሪሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ድሮም ቡና ከምግብ በኋላ አይደል? ሥጋውን በወረቀት ፎጣ አድርቄ ነው የማስቀምጠው፣ ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ። አዋዜውን መጨረሻ ላይ ነው የምቀባው፣ ቀድሞ ከተቀባ እርጥበቱ ይቀቅለዋል፣ በርበሬው ያርራል። ለጥብስ ተብሎ የሚከተፈው ትንሽ ሥጋ በፍርግርጉ ስለሚወድቅ ጎድን ይሻላል። ስቡ ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮ ይሰበሰባል፣ ወንዙ ውስጥ አይደፋም። እሳት ቢነሳ ክዳኑን ዘግቶ ብሬከሩን ማጥፋት ነው፣ ውሃ አይረጭም። እሳት ማጥፊያችንም አሮጌ ነበር። ከ2022 ኤፕሪል ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የኮስት ጋርድ ሕግ እነዚያ አንዴ ተጠቅመው የሚጣሉት ማጥፊያዎች ከተሠሩ 12 ዓመት ካለፋቸው አይቆጠሩም፤ ታቹ ላይ ያለውን ዓመት ማየት ነው።

ዓሣ ላይ ግን ይሄ ግሪል ንጉሥ ነው። ሜይን አቬኑ ካለው፣ ከ1805 ጀምሮ ከቆመው የዋሽንግተን ዓሣ ገበያ፣ ብሉ ካትፊሽ እንገዛለን። በ1970ዎቹ ከሌላ ቦታ አምጥተው ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የለቀቁት ነው፣ አሁን ሌላውን ዓሣ እየበላ ስላስቸገረ ብሉልን ይላሉ። የአምባዛ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጋሼ አይነኩትም፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም ነው መልሳቸው። ለእሳቸው ሮክፊሽ ይገዛል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ይነሳል፣ ክርክሩ ሳያልቅ እኔ ቃሪያና እንጉዳይ እጠብሳለሁ።

የእጣኑ ነገር ነበር ያስቸገረን፣ ፍም ክልክል ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ማጨሻ ተገዛ፣ የሚበላው ኢምንት ነው።

ብሬከሮቹ አጠገብ በጋሼ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ግሪል ሲበራ ሙቅ ውሃ አጥፉ»። ከስሩ ሌላ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ጀበናም!» ብሎ ጨምሮበታል። የሊቲየሙ ገንዘብ ከእቁባችን ነው የሚወጣው። ዕጣው ለጀልባዋ ገና አልደረሳትም።